ሦስተኛው ምሰሶ

አሞራ ገደል ላይ ጀልባ ገጨው፤ ድልድዩ አልወደቀም፤
ከዳር ለሚያየው ሰው የተሰነጠቀም
አይመስልም ነበረ።
ሐሜሶ ግን ጠልቆ፣
በጨለማው ውሃ ስንጥቁን ዳሰሰው በመዳፉ አጥብቆ።
«ሦስተኛው ሞቷል» አለ፣ ከንፈሩ በብርድ ደርቆ።

የድሮውን ነቅሎ በቦታው መትከሉ
ቀላል መስሎን ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ደለሉ!
ትርሲት፣ መሐንዲሷ፣ ብረት አስመታች፤
ዘጠኝ ሜትር፣ አሥር… ቁጥር እየጻፈች፣
አሥራ አራት ላይ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች።
የሐዋሳ ሐይቅ ይውጣል እንጂ «በቃኝ» አይልም።

«እህቴ» አላት ሐሜሶ፣ «አሥር ክንድ ወዲያ
መረብ የሚበላ ድንጋይ አለ እዚያ፤
ሰባት በልቶብኛል።»

ይኸው ዛሬ ድልድዩ ወደዚያ በኩል ጎብጦ፣
በሰባት መረብ ዕዳ ላይ ተቀምጦ፣
ዓሣ ተሸካሚ ያሳልፋል።
የድሮው ጉማጅ ላይ አንድ አባ ኮዳ አለ፣
አንገቱን ቀብሮ፣ ሥራ ሊረከብ የመጣ እየመሰለ።