ናሙና

ከአሞራ ገደል በላይ፣ ሐይቁን የሚጋርድ፣
ትናንት ማታ ቆመ አንድ ግዙፍ ቢልቦርድ።
ዓሣ አለ እላዩ ላይ። የኔው ነው፣ ቆሮሶ፣
በሦስት ሌሊት ሥራ ሠላሳ ጊዜ ፈርሶ
እንደገና የቆመ፣ ጭራውን ቀልብሶ።

ክረምት ነበር ያኔ። አቶቴ፣ ቆርቆሮ ቤት፣
ዝናቡ እያወራ፣ መብራት በሄደበት፣
ላፕቶፔ ሊጠፋ ሲል፣ አሥራ አንድ በመቶ ላይ፣
ቅርፊት እደረድራለሁ፣ ሌላ ነገር ሳላይ።
አንዷን ግን ተውኳት፣ ከሆዱ በስተግራ፤
የወንድሜ መረብ ልጦት እንደወጣው
እንደ አንዱ ቀን ቆሮሶ፣ ባዶ የቀረ ስፍራ።

«እጅሽ ይባረክ!» አለ አቶ ላንቃሞ አይቶ፣
ከቢሮው ወንበር ላይ ግማሹን ተነሥቶ፣
«ይኼ ነው ሆቴሌ! ክፍያው? ነገ ጠዋት።
ልጄ አይደለሽም ወይ፣
ምን ውል ያስፈልጋል ለልጅና ለአባት?»

ያ ነገ መሸ።
ገንዘብ ያዡ ታሞ፣ ቁልፍ ጠፍቶ፣ ነገ።
እንግዳ በዝቶበት፣ ስብሰባ ሄዶ፣ ነገ።
ሰባት ወር ሙሉ፣ ነገ ነገን እየወለደ።

ዓሣዬ ግን ሥራ ያዘ።
በሳሙና መጠቅለያ፣ በአስተናጋጆች ደረት፣
በክፍል ቁልፍ ላይ፣ በፎጣዎች ጠርዝ፣
አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጀርባ
ተለጥፎ አገኘሁት፤ አፈጠጠብኝ።
«ሒሳብ» አለ ሹፌሩ።
ከፈልኩ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር ያለው
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ጋሽ ቡሪሶ፣ ጠየቀኝ።
«ውል አለሽ?» የለኝም። «ማስረጃ?» ቴሌግራም።
«ስትስዪስ ማን አየሽ?» ዝናብ። ሌላ ማንም።
መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፣
«የሣለ ባለቤት ነው። ሕጉስ ካንቺ ጋር ነው፤
ግን ሕግ እግር የለው፣
አዝለሽ ነው፣ ልጄ፣ የምታደርሺው።»
የማመልከቻውን ዋጋ፣ መቶ ሃምሳ፣ ነገረኝ።
ኪሴ ውስጥ ስልሳ ነበር።

አሁን ከቢልቦርዱ ሥር አንጋጥጬ አያለሁ።
ለካ ዋናው እኔ ጋ ነው!
እሱ የያዘው ናሙናዋን ነው፣ አውራ ጣት የምታህለውን፣
«እስቲ ልይ» ሲለኝ የላክሁለትን።
ጎትቶ፣ ጎትቶ፣ ቤት አሳክሏታል።
ዓይኑ አራት ካሬ፣ ክንፉ ኮብልስቶን፣
ያቺ የተውኳት ቅርፊት፣ የወንድሜ መረብ ስፍራ፣
የለችም፤ ግራጫ ደፍኗታል።
ከላይ አባ ኮዳ፣ ራሰ በራው፣
አንገቱን ቀብሮ ተቀምጧል፣ እንደ ገንዘብ ያዥ።

ደስ ሊለኝ በተገባ። አላለኝም።
ልጅን ሰው መሃል ሲያዋርዱት እንደማየት ነው።

ስልኬ ጮኸ። በሰባት ወሩ፣ ራሱ ደወለ።
«እህቴ!» (ዛሬ ልጁ አይደለሁም)
«ዋናውን ላኪልኝ! ቅዳሜ የአዲሱ ፎቅ ምርቃት ነው፣
እንግዳ ተጠርቷል፣ ሰው እየሳቀ ነው እኮ!»

«ነገ» ልለው ነበር። ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር።
ተውኩት። ያ ቃል የእሱ ነው፣ እሱ ነው የደከመበት፤
የሰው ሥራ አልወስድም።

ስልኩን ዘግቼ ቁጥር ጻፍኩለት፣
አሥራ ሦስት አሃዝ፣ የባንክ ደብተሬን፣
ሰላምታ የለው፣ ነጥብ የለው።
ሁለት ጭረት ታየ። አንብቦታል።

አባ ኮዳው ክንፉን ዘረጋ፤
የሚበር መስሎኝ ነበር።
መልሶ አጠፈው።