ጣቢያ ቁጥር ሰባት

መጀመሪያ አሥራ አንድ ነበርን።
በዱሉዝ ዳገት ላይ፣ በዌንደል ምድር ቤት፣
ከቦይለሩ ጎን፣ ከድንች ጆንያው ፊት፣
አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አስቀምጠን
ሰማዩን ልናዳምጥ ተማማልን።

የሚያልፍ አውሮፕላን ስሙን ይጠራል፣
ከፍታውን፣ ፍጥነቱን ይዘረዝራል፣
በሴኮንድ ሁለቴ፣ ለሰማው ሁሉ፤
እኛ ጆሮ ነበርን። ደመወዝ የሌለው ጆሮ።
የሌሊት ነርስ፣ የባቡር ጡረተኛ፣
እና እኔ፦ ቀን የሰው ማሞቂያ ጠጋኝ፣
ሌሊት እንቅልፍ የጠላኝ።

ጣቢያ ቁጥር ሰባት ሄልሚ ላህቲ ነበሩ፣
በቱ ሃርበርስ፣ ከሐይቁ አፋፍ የሚኖሩ።
(በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤
እኔ ግን በልቤ አንቺ ብያቸው አላውቅም።)
ሽቦአቸው ዝም ሲል ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እደውላለሁ፤
«በረዶ ነው» ይሉኛል፣
«በመጥረጊያው እንጨት መታሁት፣ ቆይ፣ አሁን ይናገራል።»
እውነትም ይናገር ነበር።

ከዚያ ወሬው ተዛመተ።
መቶ ሆንን። ሺህ። አራት ሺህ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ብዬ ተርጉሜላቸው
ዌንደል በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጽፎት ነበር፤
ይኸው ድሩ አበረ፣
አንበሳው ታሰረ፣
ቀለቡን የሚሰፍርለት ግን ጠፋ።

ዲስኩ ሞላ። ካርታው ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ደረቀ።
ኦማሃ ያለ አንድ ልጅ የጣሪያውን ቦታ ሲሞላ
የመቀነስ ምልክቷን ረሳ፣
ኔብራስካ በአንድ ሌሊት ወደ ቻይና ተነሳ።
የአንዱ ሰዓት ከሌላው በቅንጣት ሲዛነፍ
መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን ሐይቁ ሥር ሲቀዝፍ
አየን፤ ሳቅን፤ ኋላ ግን ሳቁ አለቀ።
የዌንደል ሚስት የመብራቱን ሒሳብ
አንድም ቃል ሳትናገር ቦይለሩ ላይ ለጠፈችው።

ኩባንያ መጣ፣ ከረባት ያሰረ፣
«የሰማችሁትን ሽጡልኝ» እያለ።
ግማሹ «እንሽጥ፣ አንበሳው ይብላ» አለ፤
ግማሹ «በነጻ የሰጠሁትን ማን አባቱ ይሸጠዋል!» ብሎ ማለ።
ሦስት ጓደኛሞች በዚያ ሌሊት ተኳረፉ፣
ሁለቱ እስከ ዛሬ አልታረቁም።
ዌንደል ብቻ ጎንበስ ብሎ
የማራገቢያውን አቧራ ይጠርግ ነበር።

እኔ ሕግ ጻፍኩ። ሦስት መስመር።
ሠላሳ ቀን ዝም ያለ ጣቢያ ከዝርዝሩ ይውጣ።
ለአራት ሺህ ሰው ማን ይደውላል?
ካርታው ፈጠነ። አጨበጨቡልኝ።

መጋቢት ላይ፣ ሌላ ነገር ስፈልግ፣
ስድስት፣ ከዚያ ስምንት።
ወደ ላይ ተመለስኩ። ስድስት፣ ስምንት።
የመጨረሻ ድምፅ፦ ጥር ሦስት፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣
ወደ አንኮሬጅ የሚሄድ ዕቃ ጫኝ፣ ሠላሳ አራት ሺህ ጫማ።

መኪናዬን አስነሣሁ።
ሐይቁ በስተቀኜ ገና በረዶውን አልለቀቀም፤
መንገዱን ሁሉ የምለውን ሳዘጋጅ፣ ለልጃቸው፣ ለቀብሩ፣
ደጁን ራሳቸው ከፈቱት።
ዳሌአቸው ተሰብሮ፣ በብረት ምርኩዝ ተደግፈው፣
ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፦
«ስልኬ እኮ አልተበላሸም።»

መልስ አልነበረኝም። መሰላሉን ጠየቅሁ።
አንቴናው እንደ ማንጠልጠያ ተጣሞ ነበር፤
እርሳቸው ከታች ሆነው «ወደ ግራ» «አይ፣ ያንተን ግራ አይደለም»
እያሉ አቃኑት፣ በእኔ እጅ።

ሕጉ ዛሬም አለ። ሌላ መላ አላገኘሁም።
ያን ማታ ወደ ዝርዝሩ ስመልሳቸው
ማሽኑ አዲስ ቁጥር አወጣላቸው፦
አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት።
መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣
ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ገፉት፣
«ይሄ ሰውዬ ሌላ ነው» አሉ፣
«እኔ ሰባት ነኝ።»