ጉርድ ፎቶ

ደብረ ሲና መሃል፣ ከመናኸሪያው ፊት ነው ፎቶ ቤቴ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሳነሳ ኖርኩኝ፣ ሰው ማንሳት ነው ሀብቴ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለት ሴቶች ገቡ፣
ለአባታቸው ውርስ ጉርድ ፎቶ ሊያቀርቡ።
"እናት ትቅደምና፣ ልጅ ትቆይ ከኋላ"
አልኩኝ አምፖል ሳበራ፤
ሳቁ፤ ሳቃቸው አንድ፣ ፊታቸው ግን ሌላ።
"እናት ያልካት እኮ ታናሼ ናት" አለች፣
"ከኔ አራት ዓመት ኋላ የተወለደች።"

ሐፍረቴን ለመሸሽ ሌንስ ወለወልኩ፣
ሳልፈልግ ሁለቱን አነጻጸርኩ።
አፍንጫው ያባት ነው፣ ግንባሩም ያባት ነው፣
አገጭ ላይ ያለችው ስርጉድም የሱው ነው፤
ታዲያ ይሄን አንድ ፊት ማን ለሁለት ከፈለው?

ታናሿ አልጣሽ ሌሊት ነው ሥራዋ፣
የከባድ መኪና ሾፌር ነው እንግዳዋ፤
ቁርሷ ቦምቦሊኖ፣ ምሳዋ ለስላሳ፣
ሻይዋም ስኳር ነው፣ ውሃው የተረሳ፤
ራቷ ከተረፈው፣ ዘይቱ ከጠቆረ፣
ሦስት ቀን ባንድ ድስት ሲጠበስ ከኖረ።

ይርገዱ የመንዝ ናት፤ ገብስ ነው ማዕዷ፣
ባቄላ፣ ተልባ ነው የሚገባ ሆዷ፤
ጎመን ከጓሮዋ፣ ሥጋ በዓመት በዓል፤
ስኳር ለአራስ ብቻ ተቋጥሮ ይውላል።

አምና አንድ የቆዳ ሐኪም፣ ከደብረ ብርሃን፣
እዚሁ ወንበር ላይ አጫውቶኝ ነበር ይህን፦
"ቆዳም እንደ ቤት ነው፣ ማገር ነው የያዘው፤
ስኳር ሲከርምበት ደርቆ ነው የሚሰበረው።"

ለሴቶቹ ብነግር፣ ይርገዱ ተቆጣች፤
"መርጬ መሰለህ?" አለች።
"ስኳር ባገኝ ኖሮ በእፍኝ እቅም ነበር፤
ገብስ ያስበላኝ እኮ ማጣት ነው፣ ችግር!"
እጇን ዘረጋችው፤ አመዳም፣ ስንጥቅጥቅ፣
ውርጭ የበላው፣ ማጭድ የበላው፣
ከፊቷ በሃያ ዓመት የሚልቅ።

ጉርድ ፎቶ ግን እጅ አያሳይም።

አልጣሽ ጠጋ ብላ፣ "መስመሩን አጥፋልኝ፣
ዳኛው ፊት እህቴ ታናሽ አትምሰልብኝ።"
በኮምፒውተር አጠፋሁ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።
ቀና ብዬ ሳያት፣ ወንበሩ ላይ ያለው ፊት ያው ነው።

ሲወጡ ሻይ መጣ ከጎረቤት ቤት፤
እንደ ልማዴ ነው፣ ስኳሩ ማንኪያ አራት።
ማማሰል ጀመርኩና እጄ ቀጥ አለብኝ፤
መስታወቱን አየሁ፣
ሻዩን አየሁ፣
እንደገና መስታወቱን።

ጠጣሁት፣ አልዋሽም።
ነገ ሦስት አደርገዋለሁ።