ከመቶ አርባ በኋላ

ባሕር ሚስቱን ከወሰዳት ዘጠኝ ክረምት አለፈ፤
ሚያኮ ወደብ፣ ከሱቄ ደጅ፣ ቶኩጂ ጃንጥላውን አራገፈ።
«የሚያሳዝን ልብ ወለድ» አለኝ፣ «መጽናኛ የሌለበት፣
በመጨረሻው ገጽ ላይ ፀሐይ የማይወጣበት።»

ከታች አወጣሁለት፣ ያኔ ከጭቃ የለቀምሁት፣
ገጽ ለገጽ ጋዜጣ ሰግስጌ በጥላ ያደረቅሁት።
«ዋጋው?»
«ምንም። ግን ከመቶ አርባ በኋላ
ገጾቹ ተጣብቀዋል» አልሁት። አልመለሰም ሌላ።

በሳምንቱ መለሰው፤ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት፣
በዓሣ ቢላው ጫፍ፣ ቅጠል በቅጠል አላቅቆት።
አንዳንዱ ቃል ተልጦ ከማዶው ገጽ ቀርቷል፤
የአንዷ ለቅሶ ተገልብጦ በሌላዋ ሳቅ ላይ ታትሟል።

«ሌላ አለሽ?» አለ፣ «ወፈር ያለ። ነገ ጀልባዬን አወጣለሁ፤
ሌሊቱ እዚያ ይረዝማል።»
መሰላሌን ፈለግሁ።