የጠለቀች ጀምበር

ቫርዶ ደሴት ላይ፣ ኅዳር ሲጋመስ፣
ጀምበር ከጠለቀች ጠለቀች ነው፣ እስከ ጥር ድረስ።
ቀትር የሚሉት ሰማያዊ ጭላንጭል ነው፣
ዓሣ አጥማጅ ሲጋራውን ሳይጨርስ የሚያልፈው።

ኦድላውግ፣ መረብ ጠጋኟ፣ ሰባ አራት ዓመቷ፣
አሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ ከዳት ጉልበቷ።
ራጅ ተነሣች፤ ስብራት የለም፣ አጥንቷ ደህና ነው።
ታዲያ ሳሉ ከመስከረም ወዲህ ያልለቀቃት ምነው?
ምነው ክንዷ ዛለ፣
ወስፌው እንደ መልሕቅ ቁልቁል እየሳባት ዋለ?

ሐኪሟ ማሬት ደሟን ቀድታ ላከች፣
በሳምንቱ ቁጥር ይዛ መጣች።
«አሥራ አንድ።»
«የምን አሥራ አንድ?»
«በደምሽ የተረፈ የፀሐይ ስንቅ። ሃምሳ መሙላት ነበረበት።»
«ቪታሚን ዲ እኮ የልጅ እግር እንዳይጎብጥ ነው፤ እኔ ምን ቤት?»

«አጥንት ቆጠራ እንወዳለን» አለች ማሬት እየሳቀች፣
«ማገሩን አይተን እንሄዳለን፤ ቤቱ ውስጥ ማን አለ አንልም።
ጡንቻሽ ይጠብቃታል።
ሳንባሽ ደጅ የቆሙት ዘቦች፣ ነጫጮቹ ሕዋሳት፣
ጠላት ሲመጣ አስቀድመው ይጠይቃሉ፦ ‹ጀምበር ገብታለች ወይ?›
ሰማይ ላይ ስትገባ ጨለማ ናት፣ ደም ውስጥ ስትገባ ሲሳይ።
ካልገባች፣ ጦራቸው እጃቸው ላይ ይዝላል።»

ኦድላውግ አባቷን አየችው፣ በነቀርሳው ዘመን፣
በረንዳ ላይ፣ አልጋው ላይ፣ ደረቱን ገልጦ ፀሐይ ሲለምን፤
ሐኪሞቹም ለምን እንደሚረዳ በቅጡ ሳያውቁት፣
እንደ ዓሣ ቋንጣ አሰጡት።

«ሐዘንስ? ስቬሬ ከሞተ ወዲህ ያለውን፣ ይህ ይሽረዋል?»
ማሬት ወደ ጥቁሩ መስኮት ዞረች።
«ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። እኔም አልዋሽሽም።»
ኦድላውግ ያመነቻት ያኔ ነው።

አዲሱን ጠርሙስ አኖረችው፣ የስቬሬ በነበረው መደርደሪያ፤
የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት፣ ለየማለዳው አንድ ማንኪያ።
ሽታው ወደብ ወደብ ይላል፣ ቀለሙ የማር ነው።
በሰኔ ብርሃኑን የጠጣው ኢምንት ፍጥረት ነው፤
ኢምንቱን ትንሽ ዓሣ በላው፣ ትንሹን ኮድ ዋጠ፣
ጉበቱ ውስጥ ለክረምት አስቀመጠ።
«ጀምበር ጠለቀች» ሲሉ ለካ እውነት ኖሯል፤
ጠልቃ ነው። ጠላቂ ሄዶ ያወጣታል።

በጥር፣ ምሽጉ መድፍ ተኮሰ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ፈሰሱ።
ኦድላውግ መደገፊያውን ይዛ ደረጃውን ጀመረች።
አሥራ አንደኛው ላይ ቆመች። ትንፋሿን ሰበሰበች።
«አሥራ ሁለት» አለች።