ያልነደደ እሳት

ከአዳማ ዳር፣ ነፋስ ከማይተኛበት፣
በሽቦ አጥር መሀል ጠጠር ከፈሰሰበት፣
ሦስት ትራንስፎርመር ሌት ተቀን ያዜማል፤
ሁለቱ ደኅና ናቸው፣
ሦስተኛው ግን ታሟል።

ከሱ በፊት እዚህ የቆመውን፣ ጋሽ ቱፋ
በጆሮው ነበረ የሚመረምረው፤
መዳፉን ለጥፎ፣
«ዛሬ ቁና ቁና ይተነፍሳል» ቢለን
ማን ከቁብ ቆጠረው?
እኛማ ዘይቱን በስሪንጅ ቀድተን፣ በጠርሙስ አሽገን፣
ቀን ቁጥሩን ጽፈን፣
ላዲስ አበባ ልከን፣ ሦስት ሳምንት አለፈን።
ውጤቱ ሞጆ ላይ፣ መኪና ውስጥ ሳለ
በግንቦት አንድ ሌሊት
ክዳኑ ፈነዳ፣ ዘይቱ ተቃጠለ።
የጋሽ ቱፋ ቀኝ እጅ
ከዚያ ወዲያ ጨው መቆንጠር ተሳነው፤
ሪፖርቱ ማግስቱን ደረሰ፦
«አሴቲሊን ብዙ ነው።»

አሁን ቦንቱ መጣች፣
ከዩኒቨርሲቲው፣ በባጃጅ፣ አቧራ ለብሳ፤
የምስር ክክ የምታህል አፍንጫ ይዛ በቦርሳ።
«ቆርቆሮ ናት» አለች፣ «የጣራችን ዘመድ፣
ጤፍን ሺህ ጊዜ ብትፈጪ የማይደርስባት አመድ።
ዘይት ሲታመም ሽታ የሌለው ትንፋሽ ይተፋል፤
የሰው አፍንጫ ስር ሆኖ፣ ሳይታወቅ ያልፋል።
እሷ ግን ሃይድሮጅን ሲነካት ትደነግጣለች፤
ብቻ እወቂ፣ እርጥበት ያታልላታል፣
ዝናብ ሲጥል አንዳንዴ ትዋሻለች።»

ሚያዝያ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። ዝናብ።
ከተማው ኳስ ላይ አፍጥጧል።
ቁጥሩ መቶን ትቶ አራት መቶን ረግጧል።
እውነት ነው? ወይስ ዝናቡ?
የቦንቱ ስልክ ዝግ ነው።
«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ እሰማ ነበር፤
ጋሽ ቱፋ ሲናገርለትስ የሰማው ማን ነበር?

እጄን አየሁት። አምስት ጣት፣ ሙሉ።
ቆረጥኩ።
መስመሩንም ቆረጥኩ።

ከፍራንኮ እስከ ደምበላ ጨለመ፤
ከተማው ባንድ አፍ «ኧረ!» አለ፣ ቀጥሎም ረገመ።
«መብራት ኃይልን እሳት ይብላው!» የሚል ድምፅ በዝናብ ውስጥ ሰማሁ፤
ሳቄ መጣ፤ ባትሪዬን አብርቼ
ወደ ታማሚው ወጣሁ።

በሳምንቱ ሲከፈት፣ አንድ የላላ ብሎን፤
ዙሪያው የጥፍር ያህል ጥቁር።
ላልነደደ እሳት ምስክር የለ፣ ጭስ የለ፣ አመድ የለ፤
ለማን ይነገር?

ብሎኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ለጋሽ ቱፋ ወሰድኩለት።
በግራ እጁ ተቀበለኝ፤
ጠላሸቱን አላየም፣ አላሸተተም፤
ጥቂት አወዛወዘው፣
ከዚያ እንደ ጥንቱ
ጆሮው ላይ ያዘው።