ላቀው ሲወረውር

ሌላው በረኛ ኳሷን ሲይዝ ይለጋል፤
ለሰማይ ያበድራታል፤ ማን እንደሚቀበላት ማን ያውቃል?
ላቀው ግን አይለጋም።
«ሰው ቆሞ እያየሁ ለደመና አልሰጥም» ይላል፤ ተው ቢሉት አይሰማም።

ሁለት እርምጃ ይራመዳል፤ ሦስተኛዋን ይተዋል፤
ቀኝ ክንዱን እስከ መረቡ ድረስ ወደ ኋላ ይስባል፤
ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በጎን፣ ሣሩን ሳያስነካ
ይለቃታል፤
አርባ ሜትሩን አስቀድሞ በዓይኑ ለክቶታል ለካ!

«ወንጭፉ!» ይላል ሚስማር ተራ፤
ካታንጋ ተቀብሎ ያስተጋባል፤ ጥላ ፎቅ ሳይቀር ከወንበሩ ይነሣል በተራ።

እኔ ቀኝ ክንፍ ነበርኩ፤ በኖራው መስመር ዳር
ዞር ሳልል እሮጣለሁ። ኳሷ ራሷ ትደርሳለች፣ ከእርምጃዬ ጋር።
ስድስት ዓመት ለክብሪት ፋብሪካ እንዲህ ተቀባበልን፤
ከሜዳ ውጭ ግን ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጥን።

ያን ክንድ ያሠለጠነው ሰው የለም፤ አትክልት ተራ ነው።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ፒያሳ ገና ሳትነቃ፣ አይሱዙ ላይ ወጥቶ ጥቅል ጎመን የሚወረውረው
እሱ ነበር፤ ከታች የሚቀልበው ታላቅ ወንድሙ።
አንዲቷ ጭቃ ከነካች ከሒሳብ ትቆረጣለች፤
ነጋዴው አይሰማም፣ ጫማውን ቢስሙ።

አንድ ዓመት አዲስ አሠልጣኝ መጣ፣ ፊሽካ ከአንገቱ የማይለይ፤
«በእግርህ አርቃት» አለው። ላቀው ታዘዘ፤ ላካት ወደ ሰማይ።
አራት ገባብን።
በሚቀጥለው እሑድ አሠልጣኙ ፊሽካውን ኪሱ ከተተ፤
ላቀው ወረወረ፤ አሸነፍን።

ትከሻው ግን ይቆጥር ነበር።
እኛ ነጥብ ስንደምር፣ እሱ ጎመን ከኳስ ሳይለይ
የተወረወረውን ሁሉ በአጥንቱ ሲደምር።

ሰኔ መግቢያ፣ ዝናብ ያዘለ ከሰዓት፣ የመጨረሻው ጨዋታ፤
ያዛት፤ ሁለት ተራመደ፤ እኔም እንደ ልማዴ ሮጥኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ሳላመነታ።
ኳሷ አልመጣችም።
መጀመሪያ የሰማሁት የሚስማር ተራን ዝምታ ነው፤
ያ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ ትንፋሹን ሲውጥ እንዴት ያስፈራል!
ዞርኩ፣ በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።
መሀል መንገድ ላይ ሞታለች፤ ባላጋራ አንሥቷታል፤
መረባችን ይወዛወዛል።

መልበሻ ክፍል ማሊያው አልወጣ አለው።
እጅጌውን ሳብኩለት። «ቀስ» አለኝ። ያን ቀን ያወራነው ይኸው ነው።

ዛሬ ከስታዲየሙ ሥር፣ በጫማ ሱቆቹ መሀል፣ ጭማቂ ቤት አለችው፤
መንገድ ስሻገር ካየኝ ብርቱካን ይወረውርልኛል፤
በግራው ነው፤ ግራው አትክልት ተራን አያውቀው።
እኔም አሁን ፊቴን አዙሬ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ እጠብቃለሁ።
ትናንት አጠረች። አስፋልቱን ነክታ፣ ወደ ለገሃር ተንከባልላ፣ ሚኒባስ ሥር ገባች፤
ወያላው ሰደበን።
ላቀው ከበሩ ላይ ሆኖ ጮኸ፦
«ከአንተ ሒሳብ ትቆረጣለች!»